ድረ ገጽ በጅጌ

ድረ ገጽ ለማሠራት የወጣብኝ ይኸ ነው፦ አንድ ሙክት፣ ሁለት ጋን ጠላ፣ አምስት ቀን አጨዳ፣ አንድ ወገብ። ገንዘብ አልወጣብኝም። ገንዘብ ቢወጣብኝ ይሻለኝ ነበር። ገንዘብ ሲሄድ ሰው ተቀምጦ ያዝናል፤ ወገብ ሲሄድ መቀመጡም አብሮ ይሄዳል።

ነጋዴ ነኝ። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወርደው መንገድ ዳር ሱቅ አለኝ፤ ጋቢ፣ ነጠላ፣ የእንጨት መስቀልና ማር እሸጣለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማሩኝ እንግዶች ናቸው። ለምሳሌ፣ አርባ መስቀል የተደረደረለት ሰው አንድም እንደማይገዛ ከእነሱ ነው ያየሁት። ሦስት አሳየው፣ አንዱን ያነሣል። አርባ አሳየው፣ ሁሉንም ይዳስስና «ነገ እመለሳለሁ» ይልሃል፤ ነገ እሱ አውሮፕላን ላይ ነው። ይህን የሚያህል ጥበብ በእጄ እያለ የሚከተለው ሁሉ እንዴት እንደደረሰብኝ እስካሁን ሊገባኝ አልቻለም።

ከሱቁ ጀርባ አራት ክፍል አለኝ። እንግዳ እንደ ጎርፍ ይመጣ በነበረበት ዘመን፣ ከአባቴ የደረሱኝን ሁለት በሬዎች ሸጬ የሠራኋቸው ናቸው። ከዚያ እነዚያ ክፉ ዓመታት መጡና እንግዳ ጠፋ። ባለቤቴ አንደኛው ክፍል ውስጥ ሽንኩርት አሰጣች፤ ዝም አልኩ። ሁለተኛው ውስጥ ዶሮ ታቀፈች፤ ዝም አልኩ። ዘንድሮ ግን አንድ የእህል ነጋዴ መጣና አራቱንም ለመጋዘን ለሦስት ዓመት ልከራይ አለ። ባለቤቴ ፊቷ በራ።

«እህል አያማርርም» አለችኝ። «ሙቅ ውሃ አይልም። ዋይፋይ የለም ብሎ በዓለም ፊት ስማችንን አያነሣም።»

«እህል አይጥ ያመጣል።»

«ያንተ እንግዳ እሷንም አላመጣም።»

በዚያው ሳምንት አንዲት አዲስ አበባ ተቀምጣ እንግዳ የምትልክ ሴትዮ ደወለችልኝ። ለገና የሚመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች አሏት። ክፍሎቼን የሚያዩበት፣ ቀን መርጠው የሚይዙበት ድረ ገጽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካሳየኋት አሥራ ሁለቱም የእኔ ናቸው፤ ካላሳየኋት ለሌላ ትሰጣቸዋለች። ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። አሰበችበትና «እስከ ኅዳር መጨረሻ እታገሣለሁ። ከዚያ ቁልፉን ለእህሉ ሰውዬ እሰጣለሁ» አለች። የምትለውን የምታደርግ ሴት ናት፤ ያገባኋትም በዚሁ ምክንያት ነበር።

ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው በከተማችን አልጠፋም። እንዲያውም ሞልቷል። እንግዳ ሲጠፋ አስጎብኚው ሁሉ ሥራ ፈታ፤ ሥራ የፈታ ወጣት ወይ ይጠጣል ወይ ይማራል፤ መጠጡ ስለተወደደ ተማሩ። መጀመሪያ ሦስት ሆነው በስልካቸው ጀመሩት። ከዚያ አሥር ሆኑ። ዘንድሮ ጀማሪዎቹ ብቻ አርባ ደርሰዋል። አንድ የተዘጋ ሆቴል አዳራሹን ለቆላቸው እዚያ ይሰበሰባሉ። በውጭ ለሚያልፍ ሰው ጉባኤ ቤት ይመስላል፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይቃወማል፣ የቀሩት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የሚከራከሩት ፍሬምወርክ ስለሚባል ነገር ነው። እኔም እንዳንተው አላውቀውም ነበር፤ ያስረዳችኝ ከአንጋፋዎቹ አንዷ፣ ሰናይት ናት። «ቤት ሲሠሩ ምሰሶውን ራስዎ ከጫካ አይቆርጡም አይደል ጋሼ? ማገርና ወጋግራው ተቆርጦ፣ ተለክቶ፣ ተዘጋጅቶ ይመጣልዎታል። እርስዎ ጭቃውን መምረግ ብቻ ነው። ያ የተዘጋጀው ነገር ፍሬምወርክ ይባላል።»

«በአንዱ የተሠራው ቤት ያፈሳል ማለት ነው?»

«አያፈስም።»

«በሌላውስ?»

«እሱም አያፈስም።»

«ታዲያ ምን ያጣላችኋል?»

ሰናይት ላፕቶፗን ከደነች። ከኋላዋ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ይህን ጥያቄ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንሣት ነውር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ቆይቶ ነው የተረዳሁት፤ ለካ ጠባቸው ከንቱ አልነበረም። አርባዎቹን ጀማሪዎች አንድ ፍሬምወርክ ማስተማር አለባቸው፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ለዓመት ያህል ተከራክረው አልተስማሙም። በመጨረሻ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው። በከተማው ውስጥ የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ በየትኛው ከተሠራ፣ አርባዎቹም የሚማሩት ያንኑ ነው። ያ እውነተኛ ሥራ የእኔ አራት ክፍል ሆነ። ሽንኩርት የተሰጣባት ክፍል የአርባ ሰው ዕጣ ፈንታ ተሸከመች።

ከሦስት ሻጭ ዋጋ ሳይጠይቅ የሚገዛ ነጋዴ አይደለም። ሦስቱን አንጋፋዎች ጠየቅኩ።

የመጀመሪያው ደመቀ ነው፤ የባለቤቴ የእህት ልጅ። እሱ የሚምለው ጃንጎ በሚባለው ፍሬምወርክ ነው። «ጋሼ፣ ጃንጎ ሁሉን ነገር ይዞ ነው የሚመጣው። መዝገቡን፣ በሩን፣ የበሩን ጠባቂ ሳይቀር።»

«ደመወዙን ማን ይከፍላል?»

«የማን?»

«የጠባቂው።»

ራሱን ነቅንቆ «ይተዉት ጋሼ» አለኝ።

ሁለተኛው ሙላት ነው፤ የጎረቤቴ የተገኘ ልጅ። ተገኘና እኔ አንድ ማኅበር እንጠጣለን። ሙላት ላራቬል ይላል። «ላራቬልን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ነገ ብሞት ሌላ ሰው ያስተካክልልዎታል።»

«አሞሃል እንዴ?»

«ለምሳሌ ነው እኮ ጋሼ።»

«በእንዲህ ያለ ምሳሌ ነው ሥራ የምትለምነው?»

ሦስተኛዋ ያቺው ሰናይት ናት፤ እናቷ ከብልባላ ማር ታመጣልኛለች። እሷ ሪአክት ትላለች። «ሰውየው ሲነካው ገጹ እንደገና አይከፈትም። ይንሸራተታል።» ይህን ብላ ሳትጨርስ ከጥግ አንድ ድምፅ «ሪአክት እኮ ፍሬምወርክ አይደለም» አለ። ቤቴ ሄጄ ምሳ በልቼ፣ ሱቅ ከፍቼ ሁለት ነጠላ ሸጬ ስመለስ እዚያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነበሩ።

አራተኛም አለ፤ ይባቤ ይባላል። ማንም ሳይጠይቀው ተጠጋኝና በሹክሹክታ «ጋሼ፣ አሁን ምንም አያሠሩ። በሚቀጥለው ወር አዲስ ይወጣል፤ ይኼን ሁሉ የሚያስረሳ» አለኝ። ይባቤ የሚቀጥለውን ወር እየጠበቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንድ መስመር አልጻፈም። በአዳራሹ ውስጥ ግን ከእሱ በላይ የሚከበር የለም። ያልጻፈ ሰው ምን ይሳሳታል።

ዋጋቸውን ስጠይቅ ሁሉም በነጻ አሉኝ። እዚህ ላይ ነው መሸሽ የነበረብኝ። ገንዘብ የጠየቀህን ሰው «ተወደደብኝ» ብለህ ታሰናብተዋለህ፤ በነጻ ልሥራልህ ያለህን ሰው በምን ታሰናብተዋለህ? አንዱን ብመርጥ ሁለት ቤት ይቀየመኛል። ባለቤቴ «የእህቴን ልጅ ትተህ ለሌላ ከሰጠህ ፋሲካን ለብቻህ ትፈስካለህ» ብላ አስቀድማ አወጀች። ተገኘ በማኅበራችን ላይ ከሩቁ ወንበር ተነሥቶ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረ። የሰናይት እናት ካዘዝኩት ማር በላይ አንድ ቅል ጨምራ ላከችልኝ፤ ከቅሉ ጋር «ልጄን አደራ» የሚል ቃል አብሮ መጣ። ፍሬምወርክ የምመርጥ መስሎኝ ነበር፤ የምመርጠው ለካ የምቀያየመውን ሰው ኖሯል።

በዚህ ጭንቀት ላይ እያለሁ ለለቅሶ ወደ ገነተ ማርያም ሄድኩ። መንገድ ላይ አንድ ማሳ ሙሉ ሰው ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፤ ጅጌ ነው፣ ሌላው አገር ደቦ የሚለው። ስሄድ ማሳው ቆሞ ነበር። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ተኝቷል፤ ነዶው ታስሮ ሰዎቹ ጠላቸውን ይጠጣሉ። ቆሜ አየሁና አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በሕይወቴ ብዙ ሐሳብ መጥቶልኛል፤ እንደዚህኛው ደስ ብሎኝ የተቀበልኩት የለም። አንዱን ለምን እመርጣለሁ? ሁሉንም በጅጌ ልጥራቸው። ማሳ በአንድ ቀን ከወደቀ አራት ክፍል ምን አላት?

ለባለቤቴ ስነግራት እጇን ከሊጡ ሳታወጣ «ጅጌ የሚጠራው ለሚታይ ሥራ ነው» አለችኝ። «ማሳው የት አለ?»

«ላፕቶፑ ውስጥ።»

«በጉስ? እሱም ላፕቶፑ ውስጥ ነው የሚታረደው?»

ቀን መምረጡ ራሱ አንድ ሳምንት ፈጀ። በእኛ ከተማ በዓል ያልሆነ ቀን መፈለግ ማለት ከጤፍ ውስጥ ጠጠር እንደመልቀም ነው። ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፣ ሥጋ አለ። የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት። አንድ ሐሙስ ተገኘ። ሙክቱ ታረደ፣ ጠላው ተጠመቀ። ጅጌ ያለ መሪ ስለማይሆን አያ ገብሬን ጠራኋቸው። አያ ገብሬ በአካባቢያችን ጅጌ ሲመሩ አርባ ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲመድቡ፣ ሲያዘፍኑ፣ ሰነፍ ሲያሳፍሩ የሚተካከላቸው የለም። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። እኔም አርሼ አላውቅም፣ ግን ልጆቹ ይታዘዟቸዋል ብዬ ነው የጠራኋቸው።

ጠዋት ላይ ደጃፌ ሞላ። አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ አሥራ አንድ ላፕቶፕ። የቀሩት «ልምድ ለመቅሰም» ነው የመጡት፤ ልምዱን ከድስቱ አጠገብ ይቀስሙ ነበር። አያ ገብሬ ዱላቸውን ተደግፈው ግቢውን ቃኙና «ማሳው ስንት ነው?» አሉኝ።

«አራት ክፍል ነው አያ።»

«እሺ» አሉና በዱላቸው ይመድቡ ጀመር። «አንተ ከነሰዎችህ አንደኛዋን ያዝ። አንተ ሁለተኛዋን። አንቺ ልጄ ሦስተኛዋን። አንተ ቆመህ የምትስቀው፣ አራተኛዋ ያንተ ናት።»

አንደኛው ደመቀ ነው፤ ሁለተኛው ሙላት፤ ሦስተኛዋ ሰናይት። ቆሞ የሚስቀው ይባቤ ነው።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ድረ ገጽ በአራት ፍሬምወርክ እንደማይሠራ ሁሉም ያውቃሉ፤ እኔ እንኳ ጠርጥሬያለሁ። ነገር ግን አያ ገብሬ ተናግረዋል። ሽማግሌ ድርሻ ከመደበ በኋላ «አያ፣ ተሳስተዋል» የሚል ልጅ በላስታ ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም በሕዝብ ፊት አይናገርም። ደግሞም ለጅጌ የሚመጣ ሰው ማጭዱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ማጭድ ተመርጦለት አያውቅም። ሁሉም ማጭዱን ከፈተ።

አያ ገብሬ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ሥራውን ይመለከታሉ። ጣት ሲፈጥን ጎበዝ ይላሉ፤ ጣት ሲቆም ቆም ይላሉ። ይባቤ ጋ ደርሰው ትንሽ ቆዩ። ይባቤ በማያ ገጹ ላይ ስለሚቀጥለው ወር ያነባል። አያ ገብሬ ጉሮሯቸውን ጠርገው አዜሙበት፦

«ማጭዱ አለቀበት ሲስል ሲስል ውሎ፣
ምን ይዞ ሊገባ ነው ከማሳው ላይ ዘሎ።»

አሥራ ስምንት ሰው ተቀበላቸው። ይባቤም አብሮ ተቀበለ፤ ለሌላ ሰው የተገጠመ መስሎታል።

ቀትር ላይ መብራት ሄደ። በጉ እንዳይበርድ ተበላ። መብራት መጣ፤ ጠላ ቀረበ። ጠላው ካለቀ በኋላ ደመቀ ተነሥቶ «አለቀ» አለ። ሙላትም «አለቀ» አለ። ሰናይትም «አለቀ» አለች። አያ ገብሬ መርቀው፣ የቀኝ እጃቸውን ዘርግተው «ፍሬው ይብዛ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ስልኬን አወጣሁ።

አንደኛው ክፍል አረንጓዴ ነው። የእንግዳውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ይጠይቃል። ሁለተኛው ሰማያዊ ነው፤ አንደኛውን ክፍል ጭራሽ አያውቀውም፣ እንግዳው ከዚህ ቀደም የትም ያልነበረ ይመስል እንደገና ተመዝገብ ይላል። ሦስተኛው እውነትም ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ቆይቶ አንድ ሥዕል ላይ ቆመ፤ ነጭ አልጋ፣ ሰፊ መስኮት፣ በመስኮቱ ውስጥ ባሕር።

«ሰናይት፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ባሕሩ ለጊዜው ነው ጋሼ። የእርስዎን ክፍል ፎቶ እስክናነሣ።»

አራተኛው ክፍል ባዶ ገጽ ነው። መሐሉ ላይ በሚያምር ጽሕፈት «በቅርቡ ይጠብቁን» ይላል። የይባቤ የሁለት ዓመት ሥራ ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ደወለች። ድምፅዋ የደከመ ነበር፤ ደክሞት የሚያውቅ ሰው የሌላውን ድካም ይለያል። «ለገና ቀን ብዬ ሰባት ሰረዝ አንድ ጻፍኩ» አለችኝ። «ሁለተኛው ክፍልህ ለገና ተቀበለኝ። አንደኛው ለመስከረም ሰባት ተቀበለኝ። ሦስተኛው ባሕር አለው። አራተኛው ጠብቂኝ ይለኛል። አንድ ቤት ነው ያለህ ወይስ አራት?»

«አንድ ግቢ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ግቢ አድርገህ አሳየኝ። ኅዳር ሳያልቅ።»

ወደ ደመቀ ሄድኩና የመስከረሙን ነገር ጠየቅኩት። «በእኛ ቀን አቆጣጠር ነው የሠራሁት ጋሼ» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። «አንደኛ ወር መስከረም አይደለም?» ነው። በዚህ ሊከራከረው የሚችል ሰው የለም፤ ለገና ሻንጣውን ይዞ ከሚመጣው እንግዳ በቀር።

አንዱ የሌሎቹን ክፍል ወደ ራሱ ወስዶ ባንድ ላይ ይሥራው እንዳልል፣ በጅጌ የሰው ድርሻ ላይ ገብቶ ማጨድ «ሥራህን አልቻልክም» ማለት ነው። ባለቤቱ ካልፈቀደ አይነካም። ለማስፈቀድ ልሰበስባቸው ስል ደግሞ የሚሰበሰብ ሰው ጠፋ። ወሬው ወደየቤታቸው ደርሷል። አባቶቻቸው «በአጨዳ ሰሞን ከተማ ውሎ ጅጌ የሠራ ልጅ የራሱ እህል ሲረግፍ ያያል?» ብለው ላፕቶፑን ሁሉ ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። አዳራሹ ባዶ ሆነ። አርባ ጀማሪ፣ አሥር አንጋፋ፣ ሁሉም ማሳ ላይ ነው።

ያ ብቻ አይደለም። የአሥራ ዘጠኝ ቤት ሰው እየተከታተለ መጣብኝ። ጅጌ ብድር ነው፤ ልጃችን ለአንተ አንድ ቀን ከዋለ አንተም አንድ ቀን ትውላለህ። አሥራ ዘጠኝ ቀን አጨዳ። ከድስቱ አጠገብ ልምድ ሲቀስሙ የዋሉት ሁሉ ተቆጥረው።

አያ ገብሬ ዳኙን። ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙና «የበላ ተከፍሎታል። የሠራ ይከፈለዋል» አሉ። ይባቤም ከበሉት ተቆጠረ። በዚህ ሚዛን፣ በየማሳው ስፋት ሲሰላ፣ አምስት ቀን ቀረብኝ፤ ለሙላት አባት አንድ፣ ለደመቀ አባት ሁለት፣ ለሰናይት እናት ሁለት። እኔ ከመስቀልና ከማር ጠርሙስ የከበደ ነገር አንስቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ታየኝ።

የማንን ማሳ አስቀድሜ ካጨድኩ የዚያ ቤት ልጅ አስቀድሞ ይፈታል። ሣጥኑ ይከፈታል፣ ላፕቶፑ ይወጣል። የማንን ማሳ ላስቀድም የሚለውን ደግሞ እኔ አልመርጥም፤ እህሉ ነው የሚመርጠው። አስቀድሞ የደረሰው አስቀድሞ ይታጨዳል፤ በዚህ የሚቀየም ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ነው የሚጣላው። ስለዚህ አያ ገብሬን «አያ፣ እስቲ ዞረው ይዩልኝና ተራ ያውጡልኝ» አልኳቸው። ዞሩ። የእህሉን ራስ እየቆረጡ በመዳፋቸው እያሹ፣ እፍ እያሉ፣ በጥርሳቸው እየሞከሩ አዩ። የሰናይት እናት ጤፍ ገና ነው። የደመቀ አባት ስንዴ ጥቂት ቀን ይፈልጋል። የተገኘ ገብስ ደርሷል።

እውነቱን ለመናገር የተገኘ ገብስ መድረሱን ቀደም ብዬ አይቻለሁ። ማሳውም ግማሽ ጥማድ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ፊቴን ግን አጥቁሬ ለባለቤቴ «ለደመቀ ብዬ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ እህሉ አልደረሰም» አልኳት። እሷም «የእግዜር ነገር ነው» አለች። ለሰናይት እናትም ያንኑ ላክሁባት። ከዓለም ፍሬምወርኮች ሁሉ መካከል ላራቬል የተመረጠው እንዲህ ነው፤ የሙላት አባት ማሳ ጠባብ ስለሆነ።

በማግስቱ ማጭድ ይዤ ወጣሁ። ሙላት እርከኑ ላይ ከድንጋይ ተደግፎ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። እኔ ገብሱ ውስጥ ጎንበስ አልኩ። ተገኘ መሐላችን ቆሞ አንዴ ልጁን አንዴ እኔን ያያል።

«ልጄ የማንን ሥራ ነው የሚሠራው?» አለኝ።

«የእኔን።»

«አንተስ?»

«የአንተን።»

አሰበበት። «ልዩነቱ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ያንተ ልጅ ተቀምጧል።»

ሙላት ከላይ ይጠይቀኛል፣ እኔ ከታች እመልሳለሁ። «ጋሼ፣ መጸዳጃ ቤቱ ከውስጥ ነው ከውጭ?» ከውጭ። «ሙቅ ውሃ አለ ልበል?» ጠዋት ጠዋት አለ በል። «በምን ይመጣል?» በባልዲ ይመጣል፤ ይኼን ግን አትጻፍ። ደመቀና ሰናይትን በያሉበት በስልክ አነጋገርናቸው፤ ክፍሎቻቸውን ለመንኳቸው። ሁለቱም እሺ አሉ፤ ግን ለውሰት ነው። «አጨዳው እስኪያልቅ ይጠቀምበት። ከዚያ ተመልሼ በጃንጎ እሠራዋለሁ» አለ ደመቀ። ሰናይትም እንዲሁ አለች፤ ባሕሩም ተመልሼ እስክመጣ ሳይነካ ይቆይልኝ ብላ አደራ ጨመረች። ይባቤን ስንደውልለት ኩልመስክ አጎቱ ዘንድ ነው። «ክፍሌን እንዳትነኩ። በሚቀጥለው ወር ያመሰግኑኛል» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሙላት አራተኛውን ክፍል ሊደርብልኝ ጣቱን ያሳክከዋል፤ ግን ባለድርሻው አልፈቀደም። ዱላ ነው የመደበው። አያ ገብሬን ጠይቅልኝ አልኩት። እሳቸውም «ድርሻው ነው፣ ይረግፍ እንደሆን ይርገፍ» አሉ።

ያን ቀን ማሳው ተኛ፣ እኔም ተኛሁ። ወገቤ ግን ማሳው ላይ ቀርቷል፤ አልፎ አልፎ ሄጄ የማየው ይመስለኛል።

ኅዳር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሴትዮዋ ገጹን አየች። «አሁን ቤት ይመስላል» አለች። «ሦስት ክፍል ነው ያለህ?»

«አራተኛው በሥራ ላይ ነው።»

«የሌለ ክፍል አልሸጥም። ዘጠኝ ሰው እልክልሃለሁ፤ ሦስቱን ለሌላ ሰጥቻለሁ።»

ባለቤቴ ይህን ሰማች። የአራተኛውን ክፍል ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥታ ወደ ገበያ ሄደች።

ከዘጠኙ እንግዶች አንዷ ጽፋ ከሦስተኛው ክፍል እስከ ባሕሩ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቃለች። ሙላት ምን ልበላት አለኝ። እውነቱን ጻፍላት፣ ከተቻለም በትሕትና አልኩት። አሁን ክፍሉ በራሱ ፎቶ ነው የሚታየው፤ ሰናይት ተቀይማለች፣ ሴትየዋ ግን ትመጣለች።

ባለፈው ሰንበት አዳራሹ ጠራኝ። አርባዎቹ ጀማሪዎች ላራቬል ሊጀምሩ ነውና፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ለምን እንደመረጠው ይንገረን ብለው ነው። ደመቀ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ሰናይት ከጎኑ። ሁለቱም በጥያቄ ያዩኛል። ግማሽ ጥማድ ገብስ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አርባ ደብተር አርባ እስክሪብቶ አየሁ።

«በጊዜው የደረሰው እሱ ነበር» አልኩ።

ጻፉት። አንዷ «የደረሰ» የሚለውን አሰመረችበት። ደመቀ ወዲያው እጁን አንሥቶ፣ ደርሷል የሚባለው በምን መለኪያ እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም፤ ሱቅ ነበረኝ።

ሦስት ክፍል ለገና ተይዟል። አራተኛው ውስጥ ስንዴ አለ። አራት ቀን አጭጃለሁ። አንድ ቀን ጤፍ ቀርቶኛል፤ ማክሰኞ ነው።